ሽማግሌው ጎኑን የቀየረ ዕለት

ኢቫሉ ገና ዳዴ ሳትል አባቷ «እናቴ» ብለው ይጠሯት ነበር። የወለዷቸው እናታቸው በሞቱ ሰሞን ስለተወለደች ስማቸው ለእሷ ተሰጠ። በሰሜን በረዶ አገር ባለችው በቂንጓ መንደር ደግሞ ስም ብቻውን አይወረስም፤ ባለስሙም አብሮ ይመጣል። ሕፃኑ ወንድ ይሁን ሴት ግድ የለም። እናም ኢቫሉ አጥፍታ እናቷ እጇን ስታነሳ፣ አባቷ ከተቀመጡበት ሳይነቃነቁ «ኧረ በሕግ! እናቴን ነው የምትመቺው?» ይላሉ። ልጅቷም ብልጥ ነበረች። ሱቁ በር ላይ ሲደርሱ ጃኬታቸውን ጎተት አድርጋ «ልጄ፣ ለእናትህ ከረሜላ አትገዛላትም?» ትላቸዋለች። ሱቅ ያለው ሁሉ ይስቃል፤ እሳቸውም እየሳቁ ይገዛሉ።

እንዲህ ሆና ነው ያደገችው። የሞተ ሰው ተመልሶ ከረሜላ ሊጠይቅ እንደሚችል እያወቀች።

ሁለተኛ ደረጃን ከተማ ሄዳ ጨርሳ ስትመለስ አባትም እናትም አልነበሯትም። ዓሣ ማቀዝቀዣ ቤት ገብታ ትሠራ ጀመር። ጎማ ሽርጥ ታጥቃ፣ ጠፍጣፋውን ዓሣ ጭንቅላቱን ቆርጣ አንጀቱን እያወጣች። ማሲክ የሚባል የመንደሩ ዓሣ አጥማጅ ዓሣውን በሣጥን አምጥቶ ሚዛን ላይ ሲዘረግፍ ሁልጊዜ እሷ የቆመችበትን ጠረጴዛ ይመርጣል።

«አንቺ የተማርሽው፣ ይሄኛው ዓሣ ስንተኛ ክፍል ደርሶ ነው ያቋረጠው?» ይላታል።

«አላውቅም። ካንተ ግን ይሻላል፤ ዝም ማለት ይችልበታል።»

ማሲክ ዝም ማለት አይችልበትም ነበር። ጀልባው ላይ ብቻውን ሲሆን እንኳ ያወራል፤ ከሞተሩ ጋር፣ ከወፎቹ ጋር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሽማግሌው ጋር። ሽማግሌው ማለት የበረዶ ግግሩ ነው። ከባሕር ሰርጡ ጫፍ ላይ እንደ ግንብ ቆሞ፣ ከኋላው የመጣውን በረዶ ሁሉ ተሸክሞ፣ ሌት ተቀን ሲያጓራና ሲሰነጣጠቅ የሚኖረው። አንዳንዴ ከፊቱ ተራራ የሚያህል በረዶ ይገነጠላል። ያ በረዶ ቁልቁል ብቻ አይወድቅም፤ ውኃው ውስጥ ተገልብጦ ወደ ኋላ ግግሩን በእግሩ እንደሚገፋ ሰው ይገፋዋል። ያኔ ምድሩ ራሱ ይርዳል። ቁምሳጥን ውስጥ ሲኒ ይንጫጫል፣ የተንጠለጠለ መብራት ወዲያ ወዲህ ይላል። የቂንጓ ሰው ግን ከያዘው ሥራ ቀና አይልም። «ሽማግሌው ጎኑን ቀየረ» ይልና ይቀጥላል። ሲጮህ ሲንቀጠቀጥ ደህና ነው፣ በሕይወት አለ፤ ሊያስፈራን የሚገባው ዝም ያለ ቀን ነው ይባል ነበር። አባቶቻቸው እንዲያ ነው ያስተማሯቸው። በእነሱ ጊዜ ግን ግግሩ በአሁኑ ፍጥነት አይሸሽም፣ በአሁኑ መጠንም አይገነጠልም ነበር። ይህን ማንም ቆም ብሎ አላሰበውም። ወፍራሙ ዓሣ ያለውም ከግግሩ ፊት ለፊት ነው።

ኢቫሉና ማሲክ ከተጋቡ በኋላ በመጣው በጋ፣ የምድርን ንዝረት የሚያጠኑ ሰዎች ከመንደሩ በላይ ዓለቱ ላይ መሣሪያ ተከሉ። አንዲት ትንሽ ሣጥን ነች፤ መሬት ሲርድ የምትሰማ ጆሮ ማለት ናት። በረዶ የሚጠርግላትና ባትሪዋን የሚያይላት ሰው ሲፈልጉ ኢቫሉ ሥራውን ያዘች።

ማሲክ ሳቀባት። «ሽማግሌው ሲያንኮራፋ እያዳመጥሽ ልትኖሪ? የኔ አንሶሽ ነው?»

«ያንተማ መሣሪያ አይፈልግም፤ ማዶ ያሉት ውሾች ሳይቀሩ ይሰሙታል።»

ይህ ሁሉ የሆነው ባለፈው ዓመት ሳይሆን ካቻምና ነው። አሁን ሲነገር ግን ሌላ ሰው ያገባ፣ ሌላ ሰው የሳቀ ይመስላል።

ባሕሩ ሊረጋ ጥቂት ሲቀረው፣ ማሲክ መንጠቆውን ሊያነሳ ብቻውን ወደ ግግሩ ፊት ሄደ። ኢቫሉ በዚያ ጠዋት ሆዷ ውስጥ ልጅ እንዳለ ለእናቱ ልትነግር ተነስታለች። እማማ ሲሲልያ ባላቸውን ቀደም ብለው የቀበሩ፣ ከማሲክ ሌላ ልጅ የሌላቸው፣ ቀጭን ረጅም ሴት ናቸው። አቆስጣ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ቆዳ ወጥረው ስቡን እየፋቁ ሳሉ ደረሰች። ሻይ ቀዱላት። ነገሩን ስትነግራቸው መፋቂያውን ወርውረው ፊቷን በቅባታማ እጃቸው ያዙት።

«እኔ ደግሞ የጎን ስብ አወጣሽ ብዬ ሳማሽ ነበር!» አሏት።

ይህን ሲሉ ነው ሲኒዎቹ የተንጫጩት። መብራቱ ተወዛወዘ። ከወትሮው ረዘም ብሎ ቆየ። ንዝረቱ ከእግራቸው ሥር መጥቶ፣ ሄደ ሲሉት ደግሞ ተመልሶ መጣ።

«ሽማግሌው ጎኑን ቀየረ» አሉ እማማ ሲሲልያ፤ ቀና ብለው መብራቱን እያዩ። «ዛሬስ አልጋውንም የሰበረው መሰለኝ!»

ኢቫሉ ሻዩ በአፍንጫዋ እስኪወጣ ድረስ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ። የልጅ ወሬ በመጣበት ቀን ምን ይደረግ፣ ሁሉም ነገር ያስቃል። ጥቂት ቆይቶ ውሾቹ አንድ ላይ ማላዘን ጀመሩ። በመስኮት ሲያዩ ባሕሩ ከዳር ሸሽቷል። ድንጋዮቹ ታይተው የማያውቁትን ሆዳቸውን አሳይተው ተቀምጠዋል። ከዚያ ውኃው ተመለሰ። ዳር የታሰሩትን ጀልባዎች አንስቶ እቤት ደጅ ድረስ ወረወራቸው። መንደሩ ውስጥ ሰው አልተጎዳም። ማሲክ ይዞት ከሄደው ጀልባ ግን የተገኘው አንድ የነዳጅ ጀሪካን ብቻ ነው። ሄሊኮፕተር ፈለገ፣ ሰዎች ፈለጉ። ሰርጡ ከዳር እስከ ዳር በተሰባበረ በረዶ ሞልቶ ጀልባ አላሳልፍ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ብርዱ መጥቶ ሁሉንም አንድ ላይ አረጋው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ መጠራት ቆመ።

ይህ በቂንጓ የቆየ ነገር ነው። የሞተ ሰው ስም አዲስ ሕፃን እስኪወርሰው ድረስ አይጠራም፤ ማረፊያ የሌለውን ሰው በከንቱ ማስነሳት ይሆናል። ወጣቶቹ ከተማ ሲሄዱ ይረሱታል። መንደር ሲመለሱ ግን ምላሳቸው ራሱ ይይዝላቸዋል። መከራውን ያየው ባለሱቁ ነው፤ የእሱም ስም ማሲክ ነበርና። ገበያተኛው ሁሉ «ባለሱቁ»፣ «አንተ ወፍራሙ»፣ «የዱቄቱ ሰውዬ» ይለው ጀመር። ሚስቱ ሳትቀር «ስማ» ከማለት ሌላ የምትጠራበት አጣች።

አንድ ቀን ኢቫሉ ሩዝ ልትገዛ ስትገባ ሆድ ሆዷን አይቶ፣ «እባክሽ ቶሎ ውለጂና ገላግይኝ» አላት። «ትናንት ስልክ ደውለው ማን ልበል ሲሉኝ ለራሴም ጠፋኝ።»

ዙሪያው የቆሙት ሳቁ። እሷም ለወጉ ፈገግ አለች። ደጅ ስትወጣ ግን ሩዙን ደረቷ ላይ ይዛ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። መንደሩ በሙሉ ሆዷን እንደሚጠብቅ ያን ቀን ነው የገባት። ስሙን የሚቀበለው የእሷ ልጅ ነው ተብሎ ተቆርጧል። የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም።

በመጨረሻ የጠየቋት እማማ ሲሲልያ ናቸው። ፀሐይ ከረጅሙ ጨለማ በኋላ ብቅ ባለችበት ሰሞን፣ ሾርባ በድስት ይዘው መጥተው ቁጭ አሉ።

«መቼም ታውቂዋለሽ» አሉ።

«ምኑን እማማ?»

«አንቺ ልጅ፣ አታድርቂኝ። ስሙን ነዋ።»

ኢቫሉ ሾርባውን አማሰለች። «ጀልባው አልተገኘም» አለች።

«አልተገኘም።»

«እሱም አልተገኘም። ሰው ሳይገኝ ስሙን ለሌላ ሰጥቼ... እማማ፣ ቢመጣ ምን ብዬ ልጠራው ነው?»

አሮጊቷ እንዲህ ያለ ነገር ከእሷ አልጠበቁም፤ ነገር አዋቂ፣ ቆፍጣና፣ ቤቷ ውስጥ የተበላሸ ማሞቂያ እንኳ ራሷ የምትጠግን ልጅ ናት።

«ልጄ በዚያ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ቢመጣ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ስሙን ባልጠራውም አውቀዋለሁ።» ሾርባውን ትተውላት ወጡ።

ኢቫሉ ጠዋት ጠዋት ወደ ዓለቱ እየወጣች መሣሪያዋን መጥረጓን አላቋረጠችም። ሆዷ ከብዶ ሰዎች «ተዪው፣ ሌላ ሰው ይሂድ» ሲሏት እንኳ። ለማንም ያልተናገረችው ምክንያት ነበራት። ያን ዕለት እሷ ስትስቅ ይህች ሣጥን ታዳምጥ ነበር። ከመንደሩ ሁሉ ወደ እሱ ጆሮዋን አቅንታ የነበረችው ሣጥኗ ብቻ ናት።

ባሕሩ መላቀቅ ሲጀምር መሣሪያውን የተከሉት ሰዎች ተመለሱ። ከእነሱ አንዷ ቢርጊት የምትባል፣ የመንደሩን ቋንቋ እየተንተባተበች የምትናገር ደግ ሴት ነች። ሐዘኑን ሰምታ ስለነበር መጀመሪያ የኢቫሉን እጅ ይዛ ቆየች። ከዚያ ያን ዕለት የሆነውን ነገረቻት። የተገነጠለው በረዶ ተገልብጦ ግግሩን ወደ ኋላ ሲገፋው የተነሳው ንዝረት በምድር ላይ ዞሯል። ከዚህ አገር ራቅ ባሉ፣ በረዶ አይተው በማያውቁ አገሮች ያሉ መሣሪያዎች ሳይቀሩ ሰምተውታል።

«ማየት ትፈልጊያለሽ? መስመሩን ላሳይሽ እችላለሁ» አለቻት።

ኢቫሉ ራሷን ነቀነቀች፤ አልፈልግም ለማለት። ጥያቄ ግን ነበራት።

«ጀልባ ይሰማል?»

«ምን?»

«መሣሪያው። ጀልባ ሲገለበጥ... ሰው ሲጮህ።»

ቢርጊት መነጽሯን አወለቀች። «አይሰማም» አለች። «ለመሣሪያው ያ ድምፅ በጣም ትንሽ ነው ኢቫሉ። አዝናለሁ።»

ኢቫሉ «እሺ» አለች። መጥረጊያውን አንስታ በሣጥኗ ዙሪያ ያለውን በረዶ ጠረገች፤ ምንም እንኳ ያን ቀን በረዶ አልጣለም ነበር። ዓለም በሙሉ ሽማግሌው ጎኑን መቀየሩን ሰማ። አብሮ የሄደውን ሰው ግን ማንም፣ የትም፣ አልሰማም። ከዓለቱ ስትወርድ ልቧ ውስጥ አንድ ነገር ተቆለፈ። መሣሪያው ካልሰማው፣ ሰውም ካላየው፣ ታዲያ ሞቷል ያለው ማነው? ሞቷል ብላ በአፏ የምትመሰክር እሷ ብቻ ልትሆን ነው። እሷ ደግሞ አትመሰክርም።

ልጅቷ የተወለደችው ፀሐይ በማትጠልቅበት ወቅት ነው። ጤነኛ፣ ጥቁር ፀጉሯ ግንባሯ ላይ የወረደ፣ ጡት ይዛ የማትለቅ ሴት ልጅ። የጥምቀቱ ቀን ቤተክርስቲያኑ እስከ በሩ ሞላ። ባለሱቁ ክራቫት አስሮ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል። እማማ ሲሲልያ ከኢቫሉ ጎን ናቸው። አገልጋዩ ውኃው ላይ ጎንበስ ብሎ የልጅቷን ስም ሲጠይቅ፣ ኢቫሉ በጎን አየቻቸው። ስሙ ገና ሳይነገር ከንፈራቸው ገጥሟል፤ «ማ» ለማለት ተዘጋጅቷል።

«አርናሉክ» አለች ኢቫሉ። የሞተችው እናቷ ስም ነው።

የከፋ ስም አይደለም፤ ተገቢ ስም ነው። ማንም ምንም ሊላት አይችልም። ከኋላ አንድ ሰው ሳለ። ባለሱቁ ክራቫቱን ላላ አደረገ። የእማማ ሲሲልያ ከንፈር እንደገጠመ ትንሽ ቆየና ተላቀቀ። መዝሙሩ ሲጀመር ከሁሉም ሰው በላይ ጮኸው የዘመሩት እሳቸው ናቸው፤ ዜማውን እየሳቱ።

ከዚያ በኋላም መምጣታቸውን አልተዉም። ዳይፐር ያጥፋሉ፣ ወለል ይጠርጋሉ፣ ሕፃኗን ያቅፋሉ። የሚሏት ግን «የኢቫሉ እናት» ነበር። «የኢቫሉ እናት ደህና አደሩ?» ለክብር እንግዳ እንደሚባለው። ወግ አጉድለው አያውቁም። ኢቫሉን የጎዳት ይኸው ወጋቸው ነው። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

የማሲክ የአክስት ልጅ ኑካካ በዚያው ዓመት አርግዛ ነበር። ዓሣ ቤት ከኢቫሉ ጋር አብራ የሠራች፣ ድምጿ ከማቀዝቀዣው ሞተር በላይ የሚሰማ፣ ቀልደኛ ሴት ነች። ወንድ ልጅ ወልዳ ገና አራስ ሳለች፣ ሕፃኑን ጃኬቷ ውስጥ ከትታ ወደ ኢቫሉ ቤት መጣች። ኢቫሉ ልብስ ስታጥብ ነበር።

«ተቀመጪ አልልሽም፣ ወንበሩ ላይ የታጠበ አለ» አለቻት።

«መቆም ይሻለኛል፤ ይሄ ልጅ ሲወጣ መቀመጫዬን ይዞት ነው የሄደው» አለች ኑካካ። ከዚያ መሳቋን ተወች። «ኢቫሉ፣ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ከከለከልሽኝ ሌላ ስም እፈልጋለሁ፤ ቅር አይለኝም።»

ኢቫሉ የያዘችውን ጨመቀች።

«አሮጊቷ በዝምታ እያለቁ ነው» አለች ኑካካ። «እኔም ብሆን። አብረን ነው ያደግነው እኮ። ጥርሴን የሰበረው እሱ ነው። ይሄው ዓመት ሊሞላው ነው፣ ጥርሴን ማን ሰበረው ብባል ስሙን መናገር አልችልም።»

«ስሙ የኔ ብቻ አይደለም» አለች ኢቫሉ።

«እሱን አልጠየቅሁሽም።»

«እንደፈለግሽ አድርጊ ነው የምልሽ።»

ኑካካ የሕፃኑን ኮፍያ አስተካክላ ወጣች።

የኑካካ ልጅ በተጠመቀ ዕለት ኢቫሉ ልጄን ትኩሳት ይዟታል ብላ ቤቷ ቀረች። ልጅቷ ትኩሳት አልነበራትም። ደወሉ ሲደወል ሰማች። ዝም አለ። ከዚያ ከኮረብታው ላይ የባለሱቁ ድምፅ መጣ። «ማሲክ ነኝ! እናንተ ሰዎች፣ ማሲክ ነኝ እኮ!» እያለ እንደ ልጅ ይጮሃል። ሕዝቡ ከቤተክርስቲያን እየወጣ «ማሲክ! ማሲክ!» እያለ ይቀበለዋል፤ ይስቃል። ዓመት ሊሞላው ከተቃረበ ዝምታ በኋላ ያ ስም መንደሩን ሞላው። ኢቫሉ መስኮቱን ዘጋች። እስካሁን ስሙ እሷ ብቻ የቆለፈችው፣ እቤቷ ውስጥ ተሰቅሎ የሚጠብቃት ይመስላት ነበር። አሁን ግን መንደሩ በሙሉ ይጠራዋል። ያልተጠራበት ቤት የእሷ ብቻ ሆነ።

ኑካካ ቤት መሄድ ተወች። ሱቅ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ። አንዴ ኑካካ እንደ ልማዱ ጃኬቷን ከፈት አድርጋ ለሕፃኑ «ተነስ እንጂ፣ ሚስትህ መጣች!» አለችው። ይህ ክፋት አይደለም፤ ሰው ሁሉ የሚለው ነው። የባሏን ስም የያዘ ሕፃን ባሏ ነው፤ ትቀልድበታለች፣ ታቅፈዋለች፣ የመጀመሪያውን ቡት ጫማ ትሰፋለታለች። ኢቫሉ ግን የያዘችውን ወተት ባንኮኒው ላይ ትታ ወጣች።

እማማ ሲሲልያ አሁን ውለው የሚያመሹት ኑካካ ዘንድ ነው። ወደ ኢቫሉ የሚመጡት እየቀነሰ ሄደ። ሊወቀሱም አይችሉም፤ ልጃቸው ያለው እዚያ ነው።

ሕፃኑ ማሲክ ግን ያለቅሳል። ጠዋት ያለቅሳል፣ ቀን ያለቅሳል፣ ጠብቶ ያለቅሳል። ቂንጓ ውስጥ እንዲህ የሚያለቅስ ልጅ ሲገኝ ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ነው የሚሉት፤ ባለስሙ የቀረበት ነገር አለ። ምን እንደቀረበት ለመገመት ማንም አልተቸገረም።

ባሕሩ ዳር ዳሩን መርጋት በጀመረበት አንድ ከሰዓት፣ እማማ ሲሲልያ የኢቫሉን በር ሳያንኳኩ ገቡ። ጓንታቸውን አላወለቁም።

«እያለቀሰ ነው» አሉ።

«ሰምቻለሁ እማማ።»

«ሚስቱ ትሸሸዋለች። እንዴት አያልቅስ?»

«ሆዱን ቆርጦት ይሆናል። ኑካካ ስታጠባው አየር አታስወጣለትም፤ ወሬ ላይ ናት» አለች ኢቫሉ።

«እንግዲያው መጥተሽ አስወጪለት!» አሮጊቷ ሊቆጡ ፈልገው ነበር፤ መሃል ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ ስቄያለሁ። ልጄን ውኃ ሲወስደው እኔ ቁጭ ብዬ ስቄያለሁ። ማን ይቅር ይበለኝ? ያ ሕፃን ሳቅ ሲል ነው ትንሽ የሚቀለኝ። እሱ ደግሞ አይስቅም።»

ኢቫሉ ያን ዕለት የሳቀችው ብቻዋን እንዳልሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰበች። ያን ሳቅ ዓመቱን ሙሉ ሁለቱም ለየብቻቸው ተሸክመውት ኖረዋል። አርናሉክን ጀርባዋ ላይ አደረገቻት፣ ጃኬቷን ደረበች፣ ከምድጃው ላይ የሞቀ ፎጣ አንስታ ብብቷ ሥር ከተተች። «ይምጡ» አለቻቸው።

የሕፃኑ ጩኸት ከደረጃው ይሰማል። ኑካካ ቀሚሷ ተጨማዶ፣ ዓይኖቿ በእንቅልፍ ዕጦት ቀልተው በሩን ከፈተችላቸው። አልቀለደችም። ልጁን ብቻ አቀበለቻትና ወደ ማድ ቤት ገባች። እማማ ሲሲልያ በሩ ሥር ቆመው ቀሩ።

ኢቫሉ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሙቁን ፎጣ ሆዱ ላይ አደረገችለት፤ ሁለት እግሮቹን ይዛ ወደ ሆዱ አጠፍ ዘርጋ አደረገቻቸው። ጮኸ። ትከሻዋ ላይ አስተኝታ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። በጆሮዋ ሥር ጮኸባት። ትንሽ ልጅ ነው፤ ምንም ማሲክን አይመስልም፤ አፍንጫው የኑካካ ነው። ግን እዚህ፣ አፉን ከፍቶ፣ መስማት የማይፈልግ ሰው እንደሚጮኸው ሲጮህባት፣ ሳታስበው አፏ ተከፈተ።

«ዝም በል እንጂ አንተ!» አለችው። «አንተ ነህ ደግሞ የምታለቅሰው? እኔ ምን ልሁን? ለምን ተጠጋህ? ዓሣው ሌላ ቦታ የለም? ለምን እዚያ ፊት ለፊቱ ሄድክ? ልጅ እንዳለ ነግሬህ፣ እያወቅህ... ምን ነበረበት ትንሽ ወደ ኋላ ብትል? ምን ነበረበት?»

እጇ ግን ጀርባውን መምታቱን አላቆመም፤ ቀስ ብሎ፣ በልኩ።

«አንድ ዓመት ሙሉ ደጅ ደጁን አየሁ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ተነሳሁ። ማሲክ።» ስሙ አፏ ውስጥ እንግዳ ሆኖ ወጣ። ደገመችው። «ማሲክ፣ ሞተሃል እኮ። ሞተህብኛል።»

ሕፃኑ በትከሻዋ ላይ አገሳ፤ ከዚያ የጠባውን ወተት ግማሹን ሹራቧ ላይ መለሰው። ጩኸቱ ወደ ንጭንጭ ወረደ፣ ንጭንጩ ወደ ትንፋሽ። ኢቫሉ ታለቅስ ነበር፤ የወተቱና የዕንባው እርጥበት አንገቷ ሥር ተቀላቅሎ። አርናሉክ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች። ሁለቱን ልጆች ከፊትና ከኋላ ተሸክማ፣ ወንበሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

«ኢቫሉ!» አለች ኑካካ ከማድ ቤት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ እሷም እያለቀሰች እንደሆነ ያስታውቅባታል። «ዳይፐሩንም እይለት። ባልሽ አይደል እንዴ!»

እማማ ሲሲልያ ከበሩ ሥር እየተጎተቱ መጥተው ከእግሯ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጡ። የሕፃኑን ተረከዝ በሁለት ጣታቸው ያዙ።

«ምን አለሽ?» አሏት።

ኢቫሉ ወደ ልጁ ተመለከተች። አፉ ተከፍቶ ተኝቷል።

«ምንም አላለኝም እማማ» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «እግሩን ይልቀቁልኝና ልለካው፤ ክረምቱ ደርሷል፣ ቡት የለውም።»